ቀድመው የሚያብቡ ስኖውድሮፖችን መትከልና ማሰባሰብ

ስኖውድሮፕ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ የካቲት ነው። በረዶው ገና ከመሬት ሳይለቅ ነጭ አበባውን ደፍቶ ብቅ የሚለው ይህ ትንሽ ተክል ለብርድ አገር አትክልተኞች የወቅት መለወጫ ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ሊገኝ ይችላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ወገን ዛፎች ቅጠላቸውን ማርገፍ ሲጀምሩ በጥቅምት የሚያብቡ፣ በኅዳር ጭጋግ ውስጥ የሚፈኩ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ሌላው ሁሉ ሲኮማተር አበባ ይዘው የሚቆሙ አሉ። አስቦ የመረጠ ሰው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ ከአትክልት ስፍራው ስኖውድሮፕ ሳያጣ ሊከርም ይችላል። ይህ መምሪያ የሚያተኩረው ጥር ሳያልቅ በሚያብቡት ላይ ነው። የተጠቀሱት ወራት የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ወቅት የተከተሉ ስለሆኑ፣ በደቡቡ የሚኖር አንባቢ ስድስት ወር ማሻገር ይኖርበታል።

ከመጀመሪያው መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስኖውድሮፕ መሰብሰብ ብዙ ጊዜ ስም ወደ መሰብሰብ ይለወጣል፤ ሰው እምብዛም የማይገኝ አንድ ኮረት (ሽንኩርት የመሰለው የተክሉ የመሬት ውስጥ ክፍል) በውድ ገዝቶ ይተክልና በሁለተኛው ዓመት መለያ ምልክቱ ብቻ መሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል። በእኔ እምነት የሚሻለው ወራትን መሰብሰብ ነው፤ ማለትም በየትኛው ሳምንት አበባ እንደሌለ አይቶ ያንን ባዶ ጊዜ የሚሞላ ጤነኛ ተክል መፈለግ፣ እርሱንም እጅብ ብሎ እስኪበዛ ድረስ መንከባከብ ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው።

ተክሉን ማወቅ

የስኖውድሮፕ ሳይንሳዊ ስም ጋላንቱስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ወተትና አበባ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ወገኑ ሃያ ያህል ዝርያዎች አሉት፤ የተፈጥሮ መኖሪያቸውም ከፒሬኔ ተራሮች ተነሥቶ በደቡብና በምሥራቅ አውሮፓ በኩል እስከ ቱርክ፣ ካውካሰስና ሰሜን ኢራን ይዘልቃል። ተክሉ ከመሬት በታች ሽንኩርት የሚመስል ትንሽ ኮረት አለው። ከኮረቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅጠሎችና አንድ የአበባ ዘንግ ይወጣሉ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ አበባ ብቻ ክር በመሰለ ቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ያዘነብላል። መልካበባ የሚባሉት የአበባው ክፍሎች ስድስት ሲሆኑ፣ ሦስቱ ውጭኞቹ ረዘም ያሉና በአብዛኛው ንጹሕ ነጭ፣ ሦስቱ ውስጠኞቹ አጠር ያሉና አረንጓዴ ምልክት ያረፈባቸው ናቸው።

አንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ሰብሳቢዎች በብዛት የሚመለከቱት ይህን አረንጓዴ ምልክት ነው። ጎንበስ ብሎ አበባውን በሌባ ጣት ጫፍ በቀስታ ቀና ቢያደርጉት፣ በአንዱ ላይ ምልክቱ እንደ ቤት ጣሪያ ግራና ቀኝ ተዳፍቶ፣ በሌላው ላይ በመልካበባው ሥርና ጫፍ ተከፍሎ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ሁለቱ ተገናኝተው መስቀለኛ ቅርጽ ሠርተው ያያሉ። ሁለተኛው መለያ የቅጠሉ አበቃቀል ነው። በጣም በተለመደው በጋላንቱስ ኒቫሊስ ሁለቱ ቅጠሎች ፊት ለፊት ተጣብቀው እንደ ተገጠሙ መዳፎች ይወጣሉ። በጋላንቱስ ኤልዌሲ አንዱ ቅጠል ሌላውን ጠቅልሎ ይይዘዋል። በጋላንቱስ ፕሊካቱስ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ፣ ጣትን በጠርዙ ላይ ሲያሳልፉ እጥፋቱ ይዳሰሳል። እነዚህን ሦስት አወጣጦች ያጠና ሰው አበባ በሌለበት ጊዜ እንኳ በእጁ ያለው ምን እንደሆነ በግምት መናገር ይችላል።

አበባው ለሙቀት ፈጣን ምላሽ ይሰጣል። የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ሲል ውጭኞቹ መልካበባዎች እንደ ክንፍ ይዘረጋሉ፤ ንቦችም ወጥተው ከሆነ በዚያ ሰዓት ይጎበኙታል። ብርድ ሲመለስ ደግሞ ይከደናል። ኃይለኛ ውርጭ በመታው ጠዋት ተክሉ በሙሉ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ቅጠሉም የተቀቀለ መስሎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሞተ ብሎ ያዝናል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ግን ቀስ በቀስ ቀና ይላል። በዚያ ሰዓት መንካት፣ መደገፍ ወይም ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ቀድሞ የማበብ ምሥጢር

ቀድመው የሚያብቡት ዝርያዎች በአብዛኛው የመጡት ሞቃቱ ወቅት ደረቅ ከሆነባቸው የሜዲትራኒያን አካባቢዎች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ኮረቱ ድርቁን በእንቅልፍ ያሳልፈዋል፤ የመኸር ዝናብ ወርዶ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነቅቶ ሥር ይሰዳል፣ ወዲያውም አበባውን ያወጣል። ለአትክልተኛው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። በየካቲት የሚያብበው ስኖውድሮፕ ዓመቱን የሚጀምረው መኸር ከገባ በኋላ ሲሆን፣ በጥቅምት የሚያብበው ግን ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ሥር መስደድ ጀምሯል። ስለዚህ የመትከያው፣ የመከፋፈያውና የማዳበሪያው ጊዜ ሁሉ ወደፊት ይቀደማል። ስለ ተለመደው ስኖውድሮፕ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ወስዶ በመኸር አበቦቹ ላይ መሥራት የመክሰማቸው ዋና ምክንያት እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሚያብቡበት ቀንም ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል። መኸሩ ቀድሞ ከቀዘቀዘና ከረጠበ አበባው ይፈጥናል፤ ድርቁና ሙቀቱ ከረዘመ ይዘገያል። በአንድ ዓመት ልዩነት የሦስት ሳምንት መዘግየት ቢታይ ተክሉ ታመመ ማለት አይደለም።

የትኞቹን መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ጋላንቱስ ሬጂኔ ኦልጌ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1876 ለሳይንስ ሲተዋወቅ የተሰየመው በግሪክ ንግሥት ኦልጋ ስም ነው። በግሪክ፣ በሲሲሊና በአንዳንድ የባልካን አካባቢዎች በተፈጥሮ ይበቅላል። አበባው በጥቅምትና በኅዳር ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ቅጠል ላይኖረው ወይም ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ኋላ የሚረዝመው ቅጠል በመካከሉ ብርማ ግራጫ መሥመር ስላለው መለየቱ አያስቸግርም። ገዥ ግን አንድ ነገር ማጣራት አለበት፤ ቬርናሊስ የሚባለው የዚሁ ዝርያ ንዑስ ክፍል የሚያብበው በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ የመኸር አበባ ፈልጎ እርሱን የገዛ ሰው ጥቅምትን በከንቱ ይጠብቃል።

ጋላንቱስ ፔሽሜኒ ከደቡብ ቱርክና በአቅራቢያው ካለችው የካስቴሎሪዞ ደሴት የመጣ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ይህም የመኸር አበባ ነው። ከሬጂኔ ኦልጌ ይልቅ ሙቀትና ድርቀት ይወዳል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሜዳ ላይ ከመትከል በመስታወት ቤት ውስጥ በመትከያ ዕቃ ማሳደጉ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው የሰሜን ምዕራብ ቱርኩ ጋላንቱስ ቡርሳኑስም በመኸር ያብባል፤ በተፈጥሮ መኖሪያው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ግን ለጀማሪ ሰብሳቢ የሚታሰብ ተክል አይደለም።

ብዙዎቻችንን በእርግጥ የሚጠቅመው ጋላንቱስ ኤልዌሲ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1874 በኢዝሚር አካባቢ ካገኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ጆን ኤልዌስ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ግራጫማ፣ አበባው ትልቅ፣ ጠባዩም ቻይ ነው። ከዚህ ዝርያ ሂማሊስ በሚል የወል ስም የሚጠሩት ተክሎች በኅዳርና በታኅሣሥ ያብባሉ፤ ከእነርሱም ባርንስ የተባለው ዓይነት አንዳንድ ዓመት በጥቅምት ማብቂያ ላይ አበባ ይዞ ይገኛል። ፋሪንግደን ደብል ድርብርብ አበባ ካላቸው ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሚስስ ማክናማራ የተባለው ደግሞ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ጥር የሚቆይ የሚያምር ዓይነት ነው።

ከጋላንቱስ ፕሊካቱስ ወገን ስሪ ሺፕስ የሚባለው በአውሮፓውያን የገና ሰሞን ስለሚያብብ የዓመቱን ጨለማ ቀናት ይሞላል። ጥር ሲገባ አትኪንሲ ይከተላል። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአትክልት ስፍራዎች የኖረ ድቅል ሲሆን፣ አበባው እንደ እንባ ጠብታ የረዘመ ነው፤ አንዳንዴም ከመልካበባዎቹ አንዱ ተዛብቶ መውጣቱ መታወቂያው ሆኗል። ከምንም በላይ የማደንቀው ራሱን የማባዛት ኃይሉን ነው።

ምን ልጀምር ለሚል ሰው የእኔ መልስ ሦስት ነው፦ አንድ ሬጂኔ ኦልጌ፣ አንድ በኅዳር የሚያብብ ኤልዌሲ፣ አንድ አትኪንሲ። ከእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኮረት ቢገኝ፣ ስማቸው የሚያስደምም ዘጠኝ ልዩ ልዩ ነጠላ ኮረቶችን ከመግዛት ይበልጣል።

ቦታና አፈር

ስኖውድሮፕ በጥቅሉ የሚወደው ቅጠላቸውን በሚያረግፉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሥር ያለውን መሬት ነው። በብርዱ ወራት ቅርንጫፉ ባዶ ስለሚሆን ብርሃን ያገኛል፤ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ቅጠሉ ጥላ ይሆንለታል። አፈሩ ብዙ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት፣ እርጥበት የሚይዝ ነገር ግን ውኃ የማያቁር መሆን አለበት። አሲድ የበዛበትን አፈር ይጠላል፤ ገለልተኛ ወይም ጥቂት ኖራ ያለበት ይስማማዋል። ከባድ የሸክላ አፈር ያለው ሰው አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሎ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ መደብ ቢሠራ የችግሩን ግማሽ አስወገደ ማለት ነው።

ለቀዳሚዎቹ ግን ይህ አጠቃላይ ምክር መሻሻል ይፈልጋል። ሬጂኔ ኦልጌ በሞቃቱ ወራት ኮረቱ መድረቅና መሞቅ አለበት፤ ካልሆነ አበባ አይይዝም። ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ በተዳፋት መሬት ላይ፣ ወይም ውኃውን ሁሉ በሚመጥ ዛፍ ግርጌ ቢተከል ደስ ይለዋል። በሞቃቱ ወራት በየቀኑ ውኃ በሚጠጣ የአበባ መደብ መካከል መትከል ስህተት ነው። ኤልዌሲም ከኒቫሊስ ይልቅ ደረቅና ብሩህ ቦታን ይታገሣል። ሁለተኛው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነፋስ ነው። የመኸር አበባ ቅጠሉን ይዞ ብርዱን ሁሉ ስለሚያልፍ፣ ከቀዝቃዛ ነፋስ የሚከልለው ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ በአጠገቡ ቢኖር ቅጠሉ ሳይቃጠል ይከርማል።

መግዛትና መትከል

በመኸር ወቅት በወረቀት ከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ ደረቅ ኮረት ለስኖውድሮፕ የማይመች ነገር ነው። የስኖውድሮፕ ኮረት እንደ ሌሎች ኮረቶች ጠንካራ የውጭ ልጣጭ ስለሌለው ፈጥኖ ይደርቃል። እኔም በጀማሪነቴ ሃያ ኮረት በዚህ መልክ ገዝቼ የበቀሉት አራት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን ቆፍሬ ሳወጣ እንደ ደረቀ ነጭ ሽንኩርት ጣት ውስጥ ፈራርሰው ወደቁ። ከገዙ አይቀር ኮረቱ በጣት ሲጫኑት ጠንከር ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ሻጋታ የሌለበት መሆን ይኖርበታል።

የተለመዱት የየካቲት ስኖውድሮፖች አበባቸው ካለቀ በኋላ ቅጠላቸው አረንጓዴ ሳለ ይነቀላሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይተከላሉ። ይህ ለእነርሱ ያዋጣል። የመኸር አበቦቹ ግን በዚህ ሰዓት ለሚመጣው ዓመት የሚሆን ስንቅ በቅጠላቸው እያከማቹ ነውና፣ ሥራቸው ከተበጠሰ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አበባ ሊቀሩ ይችላሉ። ለእነርሱ የተሻለው ጊዜ ቅጠላቸው ፈጽሞ ደርቆ ኮረቱ እንቅልፍ ላይ ያለበት የሰኔና የሐምሌ ወር ነው። በዚህ ጊዜ ከመሬት የወጣ ኮረት ከጥቂት ቀናት በላይ አየር ላይ መቆየት የለበትም፤ በመጠኑ በረጠበ አሸዋ ወይም ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ቅንጣት) ውስጥ ተደርጎ ወዲያው መተከል አለበት። ነሐሴ ካለፈ ሥር መውጣት ስለሚጀምር መንካት አይገባም። በመትከያ ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ከነአፈሩ ሳይበተን የሚዛወር ከሆነ ግን በማንኛውም ወቅት ቢተከል ጉዳት የለውም።

የጉድጓዱ ጥልቀት የኮረቱን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፣ በግምት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በኮረቶች መካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃል። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋ መቀመጫ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። በጉድጓዱ ግርጌ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ደቃቅ ጠጠር ማንጠፍ ከባድ አፈር ላለው ሰው የሚጠቅም ጥንቃቄ ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ በእጅ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ይረጋጋል፤ የመኸር አበቦች ከሆኑ ውኃ የሚጠጡት መስከረም ሲገባ ነው።

ኮረቱ መርዛማ መሆኑን መርሳት አይገባም። በተክሉ ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ጋላንታሚን ለአልዛይመር ሕመምተኞች መድኃኒት ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ኮረቱን የበላ ሰው ግን ትውከትና የሆድ ሕመም ያገኘዋል። ሽንኩርት ስለሚመስል ወደ ማዕድ ቤት በፍጹም መግባት የለበትም፤ ልጆችና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። ቆዳው የሚቆጣ ሰው ጓንት አድርጎ ይሥራ።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ምንጩ ነው። ስኖውድሮፕ ከዱር እየተነቀለ ለንግድ በመዋሉ በብዙ ቦታዎች ተመናምኗል፤ በዚህም ምክንያት ወገኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ፣ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሻጩን ይህ ተክል የበቀለው የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ራሱ ያባዛው ሻጭ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል፤ የሚሸሽ መልስ ከሰሙ ግን ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የዓመቱ እንክብካቤ

ስኖውድሮፕ ብዙ ሥራ አይጠይቅም። መስከረም ላይ በሚበቅልበት ቦታ ያለውን አረምና የወደቀ ቅጠል ማንሣት፣ በላዩም ደቃቅ ኮምፖስት ሳሳ አድርጎ መበተን የመጀመሪያው ሥራ ነው። ትልልቅ የዛፍ ቅጠሎች እርጥብ ሆነው ቡቃያውን ከሸፈኑት ሻጋታ ስለሚጋብዙ፣ በመኸር ለሚያብቡት ይህ ጽዳት በየሳምንቱ መደገም ይኖርበታል። አበባው ካለቀ በኋላ ፖታሲየም የበዛበትና ናይትሮጅን ያነሰበት ማዳበሪያ በጥቂቱ መስጠት ኮረቱን ያደልባል። ናይትሮጅን ከበዛ ቅጠሉ ይለሰልስና ለበሽታ ይጋለጣል። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ድረስ መቁረጥም ሆነ መቋጠር ፈጽሞ አይገባም፤ የሚመጣው ዓመት አበባ የሚዘጋጀው በእርሱ ነው።

በሽታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከያዙ ግን ጨካኞች ናቸው። ግራጫ ሻጋታ ገና የወጣውን ቡቃያ ዐመድ የተነሰነሰበት አስመስሎ ያቆረቁዘዋል፤ እንዲህ ያለውን ተክል ከዙሪያው አፈር ጋር ቆፍሮ ማውጣትና ወደ ኮምፖስት ሳይሆን ወደ ቆሻሻ መጣል፣ በቦታውም ለጥቂት ዓመታት ስኖውድሮፕ አለመትከል ይገባል። ስታጎኖስፖራ የሚባለው ፈንገስ ደግሞ የቅጠሉንና የአበባውን ጫፍ በእሳት የተለበለበ ያስመስለዋል፤ መኸሩ ሞቃትና ዝናባማ ሲሆን ቀዳሚዎቹን ይበልጥ ያጠቃል። የተበላሸውን ክፍል ወዲያው ቆርጦ ማስወገድና ተክሎቹን አራርቆ አየር እንዲያገኙ ማድረግ ይረዳል። በቅጠሉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ ቢጫ መሥመር ከታየ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል፣ ተክሉ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከሌሎቹ መለየት አለበት።

የናርሲስ ዝንብ የሚባለው ነፍሳት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በጸደይ ማብቂያ፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን፣ እየደረቀ ባለው ቅጠል ሥር እንቁላሉን ይጥላል፤ የሚፈለፈለው አንድ ትል ወደ ታች ወርዶ ኮረቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ዝንቡ ጥላ አይወድም። እንግዲህ ለሬጂኔ ኦልጌ የመረጥንለት ሞቃትና ብሩህ ቦታ ለዝንቡም የተመቸ መሆኑ ግልጽ ነው። ቅጠሉ መድረቅ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ሐምሌ ድረስ ቦታውን በቀጭን መረብ መሸፈን፣ ቅጠሉ ሲነሣ የሚቀረውን ቀዳዳም በአፈር መድፈን እኔ ካገኘኋቸው መከላከያዎች ሁሉ ቀላሉ ነው።

ማባዛት

ቀላሉ መንገድ መከፋፈል ነው። በሦስት ወይም በአራት ዓመት እጅብ ያለው ቡቃያ ስለሚጠባበብ አበባው ይቀንሳል፤ አንድ ላይ የተከማቹ ኮረቶች አንዱ ሲታመም ሁሉም ይያያዛሉ። ኮረቶቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ከዳር በጥልቀት ቆፍሮ ማውጣት፣ በእጅ ማለያየት፣ ትልልቆቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በአዲስ ቦታ መትከል ይበቃል። አንድ ዓይነት ሁለት ቦታ መኖሩ ዋስትና ስለሆነ፣ ከመከፋፈል የሚገኘው ትርፍ ሁሉ እዚያው ጉድጓድ መመለስ የለበትም።

በዝግታ የሚራባ ዓይነት ሲሆን ኮረቱን በቢላዋ መቆራረጥ ይቻላል። ሥራው የሚከናወነው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው። አንድ ትልቅ ጤነኛ ኮረት ይመረጥና የውጩ ቡናማ ልጣጭና አሮጌ ሥሩ ይወገዳል፤ ሾጣጣው ጫፉ ጥቂት ይቆረጣል። ከዚያ ኮረቱን በጭንቅላቱ ገልብጦ መቀመጫው ወደ ላይ እንዲሆን ማድረግ ይገባል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁራጭ ከዚህ መቀመጫ ድርሻ ካልደረሰው ምንም አያበቅልም። በአልኮል በተጠረገ ስለታም ምላጭ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ኮረቱ ከበቃም ለስምንት እንደ ብርቱካን ክፋይ ይከፈላል። ቁራጮቹ በፀረ-ፈንገስ ውስጥ ተነክረው ከተንጠፈጠፉ በኋላ፣ እርጥበቱ ተጨምቆ ጠብ የማይል ቨርሚኩላይት ባለበት የፕላስቲክ ከረጢት ይገባሉ፤ ከረጢቱም ትንሽ አየር ይዞ ታስሮ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ከፍቶ የሻገተውን ማውጣት ያስፈልጋል። በ12 ሳምንት ገደማ በንብርብሮቹ መካከል፣ መቀመጫው ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ኮረት ታድጋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ቀን ከረጢቱን ዘግቼ እንደገና ከፍቼ አይቻታለሁ። ቁራጮቹ ከነሕፃናቱ በመትከያ ዕቃ ተተክለው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ያብባሉ።

በዘር ማባዛትም ይቻላል፤ ዘሩ ትኩስ እንዳለ ይዘራል፣ ለማበብም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዘር የበቀለው ከእናቱ ጋር አንድ ስለማይሆን በእናቱ ስም መጥራት አይፈቀድም። ዘሩ ጉንዳን የሚወደው ቅባታማ ጭራ ስላለው ጉንዳኖች ይዘውት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ ስብስብ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ፍሬው ሳይፈነዳ መልቀም አለበት፤ አለዚያ በአንድ ስም በተጠራው ስብስብ መካከል እንግዳ ተክል በቅሎ መለየት ያቅተዋል።

ስብስቡን መያዝ

ለሰብሳቢ ትልቁ ጠላት መርሳት ነው። ስኖውድሮፕ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከመሬት በታች ተሰውሮ ስለሚኖር፣ ባዶ የመሰለውን መሬት ቆፍሮ ሌላ ነገር መትከል በቀላሉ የሚደርስ ጥፋት ነው። ለዚህ ሁነኛው መፍትሔ እያንዳንዱን ዓይነት ለኩሬ ተክሎች በሚሠራው ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ተክሎ ቅርጫቱን እስከ አፉ መቅበር ነው። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ ይመገባል፤ ኮረቱ ግን ከጎረቤቱ ጋር አይቀላቀልም፤ መቆፈሪያውም ሲነካው ያስታውቃል፤ መከፋፈል ሲያስፈልግ ደግሞ ቅርጫቱ እንዳለ ይነሣል። የስም ምልክት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በሁለት ዓመት ፀሐይ ይጠፋል፣ የእርሳስ ግን ይከርማል። ምልክቱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከላይ የሚታይ፣ ሌላው ከኮረቱ አጠገብ የተቀበረ፤ ላይኛውን ወፍ ወይም ውርጭ ቢነቅለው የታችኛው ይመሰክራል።

ከምልክቱ ሌላ ደብተርና ንድፍ ያስፈልጋሉ። በንድፉ ላይ ቦታው ከቋሚ ነገር፣ ከዛፍ ግንድ ወይም ከግድግዳ ማዕዘን በሜትር ተለክቶ ይሣላል። በደብተሩ ላይ የመጣበት ዓመት፣ የሰጠው ሰው፣ የኮረቱ ብዛት፣ የመጀመሪያው አበባ የታየበት ቀንና የመጨረሻው የጠወለገበት ቀን ይመዘገባሉ። ሁለት ሦስት ዓመት የተመዘገበ ደብተር ከማንኛውም የሻጭ ዝርዝር የተሻለ መሪ ነው፤ አንድ ዓይነት በሌላ ሰው መሬት በኅዳር ቢያብብም፣ በእርስዎ መሬት በታኅሣሥ ሊሆን ይችላልና። የእኔ ደብተር ለምሳሌ ከኅዳር ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ባዶ መሥመር ስለነበረው፣ በሌሎች ዘንድ ተወዳጅ የሆኑ የየካቲት ዓይነቶችን ትቼ ለዚያ ክፍተት የሚሆን ኤልዌሲ ስፈልግ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ያገኘሁት ከገበያ ሳይሆን የራሱን ትርፍ በመለዋወጥ ከሰጠኝ ሌላ ሰብሳቢ ነው። ለመለዋወጥ የሚመረጠው ጊዜ አበባውም ቅጠሉም ታይቶ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ይኸውም አበባው ባለበት ሰዓት ምልክት አድርጎ፣ ኮረቱን በሰኔ እንቅልፍ ላይ ሳለ መስጠት ማለት ነው። ሲሰጡም አንድ ሳይሆን ሁለት ኮረት ይስጡ፤ የእርስዎ በጠፋ ዓመት መልሰው የሚወስዱት ከዚያው ነው።